መደርደሪያው ላይ የቀረው ቋጠሮ

ቀን፦ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰንበለጥ የቴክኖሎጂ ኮሌጅ ዲን ጽሕፈት ቤት
ሆሳዕና

አመልካች፦ መምህር ሽብሩ ሀንዲኖ
አድራሻ፦ ሆመቾ ከተማ

ጉዳዩ፦ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተማሪ ሮዳስ ማቲዎስ ላይ ያቀረብኩት ክስ ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ እገዳዋ እንዲነሣላት ስለመጠየቅ

ክቡር ዲን፣

1. እኔ አመልካች በሆመቾ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሂሳብ መምህር ስሆን፣ በኮሌጅዎ የሰርቬይንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ የነበረችውና ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርዝ ያረፈችው የጵርስቅላ ሽብሩ አባት ነኝ። ስሜ በጽሕፈት ቤትዎ ሲታይ ደስ እንደማያሰኝ አውቃለሁ። ከልጄ ሞት ወዲህ ይህ አምስተኛ ደብዳቤዬ ነው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ከበሩ ስገባ ስታየኝ ገና ሳልናገር ማኅተሙን ታነሣለች። የዛሬው ከአራቱ የተለየ ስለሆነ እስከ መጨረሻው እንዲነበብልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

2. ልጄ በተቀበረች በሳምንቷ የኮሌጁ የዲሲፕሊን ኮሚቴ "ተማሪዋ መርዙን በገዛ ፈቃዷ ሳትወስድ አልቀረችም" የሚል ቃለ ጉባኤ ያዘ። ምክንያት የተባለው አንድ ትምህርት ወድቃ በሞተችበት ቀን ድጋሚ ፈተና የምትቀመጥ መሆኗ ነው። ይህን መቀበል አቃተኝ። ልጄ ከመሞቷ አራት ቀን አስቀድሞ ጫማዋን ሰጥታኝ ሶሉን እንዳስለጥፍላት አዝዛኛለች። ሊሞት የወሰነ ሰው ሶል አያስለጥፍም። ጫማው እስከ ዛሬ ሆመቾ ገበያ ጫማ ሰፊው ዘንድ ነው፤ አልፌው እሄዳለሁ እንጂ አልወሰድኩትም።

ስለዚህ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዲሉ፣ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ገዝቼ ራሴ መርማሪ ሆንኩ። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ዘጠኝ ጊዜ ሆሳዕና ተመላልሻለሁ። ሰው ሁሉ "ሐዘን ነው የሚያዞረው" ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሐዘን እንደ ሰው አልወጣልኝም፤ ቀብሩም ላይ አላለቀስኩም። ደብተሩን ስይዝ ብቻ የምሠራው ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

3. በምርመራዬ ያገኘሁት የሚከተለውን ነው። ልጄ ጥር 14 ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት የተላከላትን በሶ በጥብጣ ጠጣች፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አረፈች። በሶው ከእኛ ቤት በዱቄት ወተት ጣሳ የሄደ ነው። ባለቤቴ ብርቅዬ በሶ በላከች ቁጥር ጨውና የደረቀ ነጭ ሽንኩርት አብራ ወቅጣ፣ በትንሽ ጨርቅ ቋጥራ በሶው መሐል ትቀብረዋለች። ልጅቱ ቋጠሮውን ፈትታ ኩባያዋ ላይ ትነሰንሰዋለች። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እንዲሁ ነው።

የዶርሟ ልጆች አራት ሲሆኑ ሁለቱ ፈተና ጨርሰው ወደየቤታቸው ሄደዋል። የቀረችው የዱራሜዋ ሮዳስ ማቲዎስ ብቻ ነበረች። እርሷን ሦስት ነገር አስጠረጠረኝ።

አንደኛ፣ በሶው ቀርቦላት አልቀመሰችም። በእኛ አገር ከቤት የመጣ ምግብ ለብቻ አይበላም፤ የቀረበለትም እምቢ አይልም። ለምን አልበላሽም ብላት "ሆዴ አልተስማማኝም ነበር" አለችኝ። ግን በዚያው ጠዋት ልጄን በጀርባዋ አዝላ ከሁለተኛ ፎቅ አውርዳ፣ እስከ በሩ ወስዳ ባጃጅ ያስቆመችው እርሷ ናት። ሆዱን የታመመ ሰው እንዴት ሰው ያዝላል? ብዬ በቀይ ጻፍኩ። ልጄን ያዘለችበትን ጀርባ ማስረጃ አደረግሁባት።

ሁለተኛ፣ ሞቷ እንደተሰማ ኩባያውንና ጣሳውን አጥባ ደፍታለች። "ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሲመጣ ዕቃው ተዝረክርኮ እንዳይቆይ ብዬ ነው" ብላ መለሰችልኝ። የእናቴ ልጅም ብትሆን የምታደርገው ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ማስረጃ ማጥፋት ብዬ መዘገብኩት።

ሦስተኛ፣ ስጠይቃት ዓይኔን አታይም ነበር።

ልጄን የተቀበለችው ነርስ "ትንፋሿ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል" ማለቷንም ጽፌአለሁ። ይህን ግን የእናቷ ቋጠሮ ነው ብዬ አለፍኩት። የመርዙ ዓይነት የላቦራቶሪ ውጤት እስከ ዛሬ አልመጣም።

4. በዚህ ላይ ተመሥርቼ የካቲት 3 ቀን ለጽሕፈት ቤትዎ ክስ አቀረብኩ። ኮሚቴው የካቲት 10 ቀን ተማሪ ሮዳስን ከትምህርት አገደ፤ እገዳውም በዋናው በር የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ፖሊስ ጠይቋት ማስረጃ ስላጣ ለቀቃት፤ ሰሌዳው ግን አልለቀቃትም። ወረቀቱን ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እረፍት አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም።

5. የካቲት 23 ቀን የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት መዘምራን መሪ ሰሎሜ መናኸሪያው አጠገብ አስቁማኝ እንዲህ አለችኝ፦ "ጋሼ፣ ሮዳስ እኮ ጾም ላይ ነበረች። ሦስት ቀን፣ እኔና እርሷ ብቻ። ለጵርስቅላ ድጋሚ ፈተና ነበር የያዝነው። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች።"

ክቡር ዲን፣ ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ስለማስተምር ባለፈው ዓመት ኅብረቱ ጋብዞኝ ስለ ጾም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ጾም በጿሚውና በአምላኩ መካከል ነው፣ ለሰው አይነገርም አልኳቸው። አንዱ ተነሥቶ "ብሉ ብለው ቢያስጨንቁንስ?" ሲል "ሆዴ አልተስማማኝም በሉና እለፉ" ብዬ መለስኩ። ሁሉም ሳቁ። ሮዳስ ከፊት ተቀምጣ ትጽፍ ነበር። ውሸት ነው ብዬ የያዝኩባት ቃል ከእኔው አፍ የወጣ ነበር። ፖሊስ ፊት እንኳ አልተናገረችም፤ ምሥጢሩ ከወጣ ጾሙ ይፈርሳል፣ ለጵርስቅላ የተለመነውም ይቀራል ብላ። ጵርስቅላ በዚያን ጊዜ ከተቀበረች ሳምንታት አልፈው ነበር።

6. በማግስቱ ዱራሜ ሄድኩ። አባቷ አቶ ማቲዎስ ማን እንደሆንኩ ከነገርኩት በኋላ እንኳ "ለቅሶ ቤት ያለ ሰው ደጅ አይቆምም" ብሎ ወንበር ሰጠኝ፤ ሻይም አስቀረበልኝ። ልጅቱ መጥታ ቆመች። ይቅርታ ከመጠየቄ በፊት ልማድ ሆኖብኝ ደብተሬን አወጣሁ። "ያን ጠዋት ያየሽውን ሁሉ ንገሪኝ" አልኳት።

"ለፈተናዬ ቀን ብላ ያቆየችውን ጣሳ ስትከፍተው ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ፤ የእማማ ብርቅዬ ነው ብዬ ምራቄን ዋጥኩ" አለችኝ። "ዱቄቱ ግን ግራጫ ነበር። 'ዛሬ እማዬ ምን ጨመረችበት?' አለችና ሳቀች። ጨርቁም እማማ የሚቋጥሩበት ነጩ አልነበረም። ሰማያዊ መስመር ያለው የሸሚዝ ጨርቅ ነበር።"

ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርሽም አልኳት።

"አልጠየቁኝም ጋሼ። ሁሌ የሚጠይቁኝ ለምን እንዳልበላሁ ነው።"

ሻዩን ጨረስኩ። ይቅርታ ጠየቅሁ ወይ አልጠየቅሁም፣ አላስታውስም። ደብተሩ ላይ "ሰማያዊ መስመር" ከሚለው በታች የተጻፈ ነገር የለም።

7. ሰማያዊ መስመር ያለው ሸሚዝ የእኔ ነበር። ክርኑ ስላለቀ ኅዳር ውስጥ ቀድጄ ለቤት ጨርቅ አደረግሁት።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ብርቅዬ እህቷ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ወደ ሾኔ ሄዳ ነበር። እርሷ በሌለችበት የበሶውን ባልዲ ከፍቼ ነቀዝ አየሁበት። የነቀዝ ክኒን ቤት ውስጥ ነበረኝ። የግብርና ባለሙያው አቶ ፈትሁዲን ሲሰጠኝ በጨርቅ ቋጥሬ እህል ውስጥ እንዳስቀምጠው፣ ዱቄት አጠገብ ግን ፈጽሞ እንዳላደርሰው ነግሮኛል። እኔ መምህር ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲያስረዳ ራሴን እየነቀነቅሁ የራሴን የማስብ ሰው ነኝ። ጥቂት ክኒን በሸሚዜ ቁራጭ ቋጥሬ በሶው ውስጥ ቀበርኩ። በሶው ለልጄ የተቀመጠ ስለነበር እንዳይበላሽባት ብዬ ነው። እኔ በሶ አልበላም፣ ጨጓራዬን ያመኛል። ክኒኑ እየቆየ ወደ ግራጫ ዱቄት እንደሚፈርስ፣ እርጥበት ሲነካውም ነጭ ሽንኩርት እንደሚሸት የነገረኝ አቶ ፈትሁዲን ነው፤ የጠየቅሁት ግን አሁን ነው።

ጥር 10 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ብርቅዬ ከሾኔ ደውላ "በሶውን አድርስላት፤ ቋጠሮውንም እንዳትረሳ፣ ሠርቼ አስቀምጬዋለሁ" አለችኝ። ሚኒባሱ ደጅ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። በጎድጓዳ ሳሕን ዝቄ ጣሳው ውስጥ ስገለብጥ ቋጠሮ አብሮ ገባ። ብርቅዬ አስቀድማ ከትታዋለች ብዬ ደስ አለኝና ከደንኩት። የራሴን ረስቼው ነበር። ለዚህ ሌላ ቃል የለኝም።

8. ከዱራሜ ስመለስ ባልዲውን ከፈትኩ። ቋጠሮ የለበትም። ቀጥሎ መደርደሪያውን ፈተሽኩ። ከጨው ዕቃው ኋላ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ፣ ያልተፈታ፣ የብርቅዬ ቋጠሮ ተቀምጧል። ከታኅሣሥ ጀምሮ እዚያው ነበር፤ ብርቅዬ ከቀብሩ ወዲህ ማድቤት አልገባችም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ ሆሳዕና የተመላለስኩበት መልስ በራሴ ማድቤት መደርደሪያ ላይ ነበር።

ቋጠሮውን በኤንቨሎፕ አሽጌ ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዤዋለሁ። በውስጡ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ብቻ መሆኑ ይመርመርልኝ። ይህን የማደርገው ነገሩ ሲሰማ ሰው "የእናቷ ቋጠሮ ገደላት" እንዳይል ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሆን አልፈልግም።

9. ስለሆነም የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሀ. የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ምዝገባ መጋቢት 12 ቀን ይዘጋል። ከዚያ ካለፈ ተማሪ ሮዳስ በደንቡ መሠረት ተሰናባች ትሆናለች። እገዳው ከዚያ በፊት ተነሥቶ እንድትመዘገብ።

ለ. ንጹሕ መሆኗ እገዳው በተለጠፈበት በዚያው ሰሌዳ፣ የእኔ ሙሉ ስምና ጥፋት ተጽፎ እንዲለጠፍ።

ሐ. "በገዛ ፈቃዷ" የሚለው ቃል ከልጄ ፋይል እንዲሰረዝ።

ለራሴ ምንም አልጠይቅም። ዛሬ ጠዋት ለፖሊስ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ሕጉ የሚለውን እቀበላለሁ።

10. አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት አንድ ቀን እንዲሰጠኝ እለምናለሁ። ባለቤቴ ብርቅዬ እስካሁን አታውቅም።

ያን ቅዳሜ በኮሌጁ በር ጣሳውን ለልጄ ሳስረክብ "አባዬ፣ ቋጠሮውስ?" ብላኝ ነበር። "ውስጥ አለልሽ" አልኳት። ጫማዋን ሰጠችኝና ገባች።

ብርቅዬ ከቀብሩ ወዲህ በየቀኑ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ቋጠሮዬን አግኝታዋለች?" ትለኛለች። ልጇ የመጨረሻውን የእጇን ቀምሳ እንደሄደች ማወቅ ብቻ ነው የምትፈልገው። እስከ ትናንት "አዎ፣ አግኝታዋለች" እያልኳት ነበር። ነገ አላገኘችውም ብዬ መንገር አለብኝ።

በአክብሮት፣ ከሰላምታ ጋር

ፊርማ
መምህር ሽብሩ ሀንዲኖ

ግልባጭ፦ ለአቶ ማቲዎስ፣ ዱራሜ