በሻይ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ፊልም

ለንደን፣ ላምቤዝ
ማርች 12 ቀን 1959

ለውድ ልጄ ለሌን፤

እንዴት ነህ? የአውስትራሊያ ፀሐይ ተስማማህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ አልወጣም ይለኛል። ቀስ እያልኩ ስለምጽፍ ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት ሦስት ቀኔ ነው።

በወጣቶች ክበብ ካሜራ ይዞ ይዞር የነበረው አቶ ሃላም ትዝ ይልሃል? ስለ ሰፈራችን ልጆች የሚሠራው ፊልም ሊያልቅ ነው። ሕዝብ ሳያየው በፊት «የሮኒ እናት ይዩት» ብሎ ባለፈው ሳምንት ጠራኝ። የክበቡ ልጆችም ነበሩ። ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥሮ አሳየን። ካሜራው ድምፅ አይቀዳም፤ ወንድምህ ሮኒ ይስቃል፣ ሳቁ ግን አይሰማም።

ያን ረጅም ሰማያዊ ኮት ለብሶ ብቅ ሲል ቴሪ፣ «እዩት ሙሽራውን! ምን ዋጋ አለው፣ ሙሽሪት የለችም!» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ እዚያ መኖሬ ትዝ ሲላቸው አንገታቸውን ደፉ።

እኔ ኮቱን ነበር የማየው። ሮኒ ከልብስ ሰፊው ያመጣው ያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያው ማታ ባቡር ድልድዩ ሥር ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ሲያገኙት እሱኑ እንደለበሰ ነበር። ሌላ ቀን ለብሶት አያውቅም።

ከኋላው በሩ ላይ አንተ አለህ፣ ሌን። ክንዱን ይዘህ ወደ ውጭ ትጎትተዋለህ። ፊትህን እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

ለፖሊሱ «ያን ማታ ቤት ነበርኩ» ስትል እኔም «አዎ፣ አብረን እራት በላን» ብያለሁ። ቢሮ ሳጸዳ እንዳመሸሁ የምናውቀው ሁለታችን ነን።

አቶ ሃላም ኮቱ የዚያ ቀን ብቻ መሆኑን አያውቅም። «የሚከብድዎት ቦታ ካለ ይንገሩኝ፣ እቆርጠዋለሁ» አለኝ። በሩ ላይ ያለውን አልኩት።

«ወይዘሮ ፕላመር፣ ሲስቅ የሚታየው እዚያ ብቻ ነው እኮ!»

«ይቁረጡት።»

ሐዘን መስሎት ቁራጩን ለማስታወሻ ሰጠኝ። ሌላ ቅጂ ይኖረው እንደሆነ መጠየቅ ፈራሁ።

አሁን ሻይ ቆርቆሮው ውስጥ ነው። ላቃጥለው ብዬ ሁለቴ እሳቱ አጠገብ ቆሜያለሁ። መስኮቱ ላይ ወደ ብርሃን ሳነሣው ግን የሮኒ ጥርስ ይታያል። በር በተንኳኳ ቁጥር ፖሊስ ይመስለኛል። ትናንት ወተት አመላላሹ ነበር፤ ቆርቆሮውን ታቅፌ ከፈትኩለት።

ምን እንደሆነ አልጠይቅህም። አንተም እንዳትጽፈው። ብቻ ምን እንዳሳቀው ንገረኝ።

እስካቃጥለው ድረስ አትምጣ። እግዚአብሔር ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፤ እንቅልፍም ይስጥህ።

እናትህ
ኢዲ ፕላመር