ከኋላ ወንበር ያዳምጡ የነበሩት የመምህራን አሠልጣኝ

ዛሬ የምንሸኛቸው መምህርት ከመኪና መካኒኩ አባታቸውና ይህን ከምጽፈው ከእኔ ከእናታቸው ሐምሌ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያ ልጃችን ነበሩ። ቀናቸው ሳይደርስ በመወለዳቸው ይተርፋሉ ያለ አልነበረም፤ እኔ በተለይ።

ትምህርታቸውን በሰፈራችን አጠናቀው በ1988 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ በሰርተፊኬት ተመረቁ። ከዚያም ለአሥራ አራት ዓመታት አንደኛ ክፍል አስተማሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰባ ሕፃናት እንዲሰሟቸው ጮኸው ያስተምሩ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ከሥራ ባልደረባቸው ከሒሳብ መምህሩ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

በክረምት እየተማሩ ሁለተኛ ዲግሪ ከያዙ በኋላ በ2002 ዓ.ም. መምህራንን እንዲያሠለጥኑ በዩኒቨርሲቲ ተቀጠሩ። እኔ ተቃውሜ ነበር። «ዶክተሮች መሀል ገብተሽ ማን ይሰማሻል? የያዝሽውን አትልቀቂ» ብላቸው «ኧረ እማዬ! ሰባ ሕፃን ያልበላኝን ዶክተር ሊበላኝ?» ብለው ሳቁብኝ።

ሠልጣኞቻቸው ለልምምድ ወደሚመደቡባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይሄዱ ነበር። ከሕፃናቱ ጋር በመጨረሻው ወንበር ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ፤ ካልተሰማቸው እጃቸውን አውጥተው «መምህር፣ እዚህ አልደረሰም» ይላሉ። ሠልጣኙ እንደገና ይጀምራል። «ኋላ ወንበር» የሚል ቅጽል ስም የወጣላቸው በዚህ ነው። እኔ የምፈራው መንገዱን፣ መኪናውን፣ የዩኒቨርሲቲውን ፎቅ ደረጃ ነበር።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ድምፃቸው ጎረነነ። በመምህር ቤት የድምፅ መዘጋት እንደ በሽታ አይቆጠርም። ባለቤታቸው ጠመኔ ነው አሉ። በሁሉ ነገር ክፉ ክፉውን የማስበው እኔም ጠመኔ ነው ብዬ ሙቅ ውሃ በማር አቀረብኩ። ሰባት ወር እንዲሁ አለፈ። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደው ጉሮሯቸው ውስጥ የካንሰር ዕጢ ሲገኝ ወደ አንገታቸው ተዛምቶ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድምፃቸው አልተመለሰም።

ልምምዳቸውን ያልጨረሱ ሠላሳ ሁለት ሠልጣኞች ነበሯቸው። ሌላ ሰው ይተካ ሲባል እምቢ ብለው አንገታቸው ላይ ሻሽ አስረው ተመለሱ። ካርቶን ላይ «አልደረሰም» ብለው ጽፈው ከኋላ ሆነው ያነሡት ነበር። አንዱ ሠልጣኝ ይህን አይቶ ሲያለቅስ ካርቶኑን ገልብጠው «ልጆቹ እየጠበቁህ ነው» ብለው ጻፉለት።

የሠላሳ ሁለቱንም ውጤት ፈርመው ባስረከቡ በዘጠነኛው ቀን፣ የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን፣ እኔንም ጥለው ሄደዋል።

ብዙ ነገር ስፈራ ኖሬ፣ የመጣብኝ ባልፈራሁት በኩል ነው። እዚህ ከቆማችሁት መምህራን ድምፁ የተዘጋ ካለ ነገ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ጠመኔ ነው አትበሉ፤ እለምናችኋለሁ።

የልጄን ነፍስ ፈጣሪ በምሕረቱ ይቀበልልኝ።