ስንዝር የማይሞላ ዓሣ

ጥር 7

ዛሬም እንደ ትናንቱ። የመንጠቆዬ ቡሽ ለአፍታ እንኳ አርፎ አልተንሳፈፈም። ትል ሰክቼ ስጥል ይነክሳል፣ ስስብ ይወጣል... ምን ይወጣል? የመዳፍ ያህል ቆሮሶ ዓሣ። ሌላ ስጥል የዚያው ወንድም። በስንዝሬ እለካለሁ፤ ከአውራ ጣቴ ይጀምርና ትንሿ ጣቴ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። መልሼ ወደ ውኃው። ስንዝር የሞላ አንድም የለም።

ደንቡ የእኔ ነው። የአጥማጆች ማኅበራችን ሲቋቋም ያወጣሁት እኔ፣ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔ፣ ያስከበርኩትም እኔ። ስንዝር ያልሞላ ዓሣ ሕጻን ነው፤ ይመለሳል። ስንዝሩም የእኔ ስንዝር ነው። ሰው ሁሉ በየእጁ ከለካማ ምኑን ደንብ ሆነ? ስሜን ትተው «ጋሽ ስንዝር» የሚሉኝ ለዚህ ነው። ይበሉ።

ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ሊቀመንበራችን ነው። ከመንጠቆው ይልቅ ምላሱ ይሠራል።

«ጋሼ፣ እጅዎ በእርጅና እየረዘመ ይሆን እንዴ?»

«አርፈህ ዓሣህን ያዝ።»

«መያዙንማ መቼ አጣሁት? ቤት ይዤ የምገባው ነው የጠፋው።»

ከዚያ ቁም ነገሩን አመጣ። ሦስት አባላት ደግሞ ወጥተዋል። ከከተማው ማዶ ያለው ግድብ ይሻለናል ብለው። አባላት ካነሱ ማዘጋጃ ቤቱ በሐይቁ የምናጠምድበትን ውል አያድስልንም። በእግር የሚዘወር ጀልባ ሊያስገባ የሚፈልግ ባለሀብት በር ላይ ቆሟል። ጀልባና ሙዚቃ...

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ሌላ የምውልበት ቦታ የለኝም። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። ምን ሊያደርግልኝ?

ጥር 9

ሌባ ነው። ትልልቁን በመረብ የሚጠርግ ሌባ አለ። ሌላ ምን ይሆናል?

ማልጄ ሄጄ ሐይቁን ዞርኩት። ትንሽ ነው፤ ከወዲህ ዳር ሆኖ በወዲያ ዳር የሚያስለው ሰው ይሰማል። የተበጠሰ የመረብ ክር የለም። ዱካ የለም። አንድ ሸመላ ብቻ ቆሟል። እሱም ትንንሹን ነው የሚለቅመው። ንዴቴን በማን ልወጣ? ድንጋይ ወረወርኩበት። ሳትኩት።

ጥር 15

ባዶ እጄን ገባሁ። ባለቤቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። ቀና እንኳ ሳትል፦

«ዛሬስ ጠገቡ?»

«እነማን?»

«ዓሦችህ ናቸዋ! ትል ቆፍረህ፣ ተሸክመህ፣ ጠዋት ማታ ተመላልሰህ... አንተ እኮ የምትሄደው ልትይዛቸው ሳይሆን ልትቀልባቸው ነው።»

የተረፈኝን ትል ለነገ ልሸፍን ወጣሁ።

ጥር 21

ሊቀመንበሩ ሳያማክረኝ ባለሙያ ጠርቷል። ከዓሣ ሀብት ቢሮ። ልጅ እግር ሴት ናት፤ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ ተጫምታለች። ከሁለት ሠራተኞች ጋር ሆና ጥልቀት በሌለው በኩል መረብ ጎተተች። ያወጣችውን መዘነች፣ ለካች፣ አንዳንዱን አፉን ከፍታ አየች።

«ዓሣ አልጠፋባችሁም» አለች። «በዝቶባችሁ ነው።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ውኃው የሚያበቅለው ምግብ ልክ አለው። ለጥቂት ሰው በቀረበ ማዕድ ላይ ሰፈር ሙሉ ሰው ቢቀመጥ ማን ይጠግባል? አይሞቱም፤ ግን አያድጉም። በዚያ ላይ ይዋለዳሉ።» ዙሪያውን ቃኘች። «አምባዛ የላችሁም?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

የለንም። ጨርሰነዋል። አምባዛ ጢማም፣ ሙልጭልጭ ያለ፣ ሕጻናቱን እየዋጠ የሚወፍር ወሮበላ ነው። አይመለስ፣ የያዘው ሁሉ ይግደለው ያልኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻዋንም የያዝኩት እኔ። ያን ቀን ተጨብጭቦልኛል።

«እሱ ነበር እኮ የሚያሳሳላችሁ» አለች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

መድኃኒቷ እንዲህ ነው፦ ትንንሹን በመረብ ጠርጎ ማውጣት። ከሌላ ቦታ አምባዛ አምጥቶ መጨመር።

«እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም» አልኩ። «ሕጻን በመረብ አይጠረግም።»

«ሕጻን አይደሉም እኮ፣ አባባ።»

«አባትሽ አይደለሁም።»

ዘንጌን ጠቅልዬ ሄድኩ።

ጥር 22

ቶርኖ ላይ ብረት መቅረጽ ማንም አላስተማረኝም። አይቼ፣ አበላሽቼ፣ ደግሜ ነው ያወቅኩት። ዓሣንም እንደዚያው። መጽሐፍም አንብቤያለሁ። ዛሬ ከሣጥኑ አውጥቼ እንደገና ከፈትኩት። «ትንሹ ይመለስ» ይላል። በግልጽ ይላል!

ግን የሚያወራው ስለ ባሕር ነው። መርከብ ስለሚሄድበት ባሕር። ይህን ድሮ አላየሁትም? አይቼዋለሁ። ውኃ ውኃ ነው ብዬ ይሆናል...

ዘጋሁት።

የካቲት 3

ሕጻን አይደሉም ብላለች፤ እንግዲያው ታሳየኝ። ጠዋት ራሴ አንዱን ያዝኩ። እሷ መርጣ እንዳታታልለኝ። መዳፌ ላይ የሚያልቅ፣ ዓይኑ ፈጠጥ ያለ። በፌስታል ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ አፍንጫዋን ይዛ ተነሥታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች።

ቢሮ ይሉታል... ጠባብ ክፍል ነው፤ ግማሹን ባልዲ ይዞታል። መስኮቱ ላይ እንዲደርቅ መረብ ተዘርግቷል። ማጉያ መሣሪያው አጠገብ ያልታጠበ የሻይ ብርጭቆ።

«እንዴት ዋሉ፣ አባ...» ብላ ዋጠችው። «ጋሼ።»

«የዚህን ዕድሜ ንገሪኝ። የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«አልነግርዎትም፤ ራስዎ ያያሉ። ይቀመጡ።»

ጭንቅላቱን ከፈተች። ከሩዝ ፍሬ የምታንስ የአጥንት ጠጠር አወጣች። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገቻት። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ይህን አልክድም። ከዚያ ማጉያው ሥር አደረገቻትና ወንበሩን ለቀቀችልኝ።

«እንደ ዛፍ ግንድ ነው፤ በየዓመቱ አንድ ቀለበት። እኔ አልቆጥርም። እርስዎ ይቁጠሩ።»

ቆጠርኩ። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ ቆጠርኩ። ስድስት። ከመሐል ያሉት ሁለቱ ሰፋ ያሉ ናቸው። የኋለኞቹ ግን ተጣብቀው እንደ ክር ቀጥነዋል። ይህን ቶርኖ ላይ አውቀዋለሁ፤ ብረቱ አልገባም ሲል ምላጩ እንዲህ እየጫረ ነው የሚያልፈው።

«ስድስት ዓመት» አልኩ።

«እኔ እዚህ ከሠራሁበት ጊዜ ይበልጣል።» ፈገግ አለች። ቀጥላ ሆዱን ከፈተችው። ዕንቁላል ሞልቶታል። «ሴት ናት፣ ጋሼ። ስንቴ የወለደች እናት።»

ሕጻን እያልኩ የመለስኳት... ይህችኑ ራሷን ስንት ጊዜ መልሻት ይሆን? የተራበች አሮጊት።

ሳላመሰግናት ወጣሁ። አውቶቡስ አልጠበቅኩም። በእግሬ ተመለስኩ።

የካቲት 4

አልሄድኩም።

የካቲት 8

ዛሬም ቤት ዋልኩ። ባለቤቴ የክፍሌን በር ከፈት አድርጋ፦

«ታመሃል?»

«አልታመምኩም።»

«ተሸንፈሃል?»

«ማነው የሚያሸንፈኝ?»

«እኔ ምን አውቄ። እኔ ስረታህ ግን ፊትህ እንዲህ ነው የሚሆነው።»

ሳቄ መጣ። ዋጥኩት። እሷ ግን አይታኛለች።

የካቲት 16

ስብሰባው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ነበር። ወንበር አይበቃም፤ እኔን የሚሽከረከረው ላይ አስቀመጡኝ። ከፊቴ መስታወት፣ ከኋላዬም መስታወት።

ሊቀመንበሩ ነገሩን አስረዳ። መረብ ካልተጣለ ዓሣ የለም፣ ዓሣ ከሌለ አባል የለም፣ አባል ከሌለ ሐይቁ የጀልባው ሰውዬ ነው። «መረብ ይጣል የሚል እጁን ያውጣ።» ወጣቶቹ አወጡ። ከአባሎቹ አንዱ፣ የታክሲ ሾፌሩም አወጣ። አይበቃም። የቀሩት፣ ከእኔ ጋር ማኅበሩን ያቋቋሙት፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እኔን ያያሉ። በመስታወቱ ውስጥ ሁላቸውም ይታዩኛል፤ ከፊትም ከኋላም። ወዴት ዞሬ ልሸሽ?

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ረጅም። አልጠፋብኝም፤ ምላሴ ላይ ነበር። ስለዚያች ስለ ስድስት ዓመቷ ግን አንድ ቃል አልነበረበትም።

«ይጣል» አልኩ።

«አምባዛውስ ጋሼ?» አለ ሾፌሩ።

«እሱም።»

ሬት የዋጥኩ ያህል ነው። ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ ውሉን ለአንድ ዓመት እንዲያራዝምልን እንጠይቅ ተብሎ ተወሰነ። አንድ ዓመት ብቻ። ያኔም ዓሣ ካልተገኘ... በቃ።

የካቲት 26

መረቡ ተጎተተ። ገመዱን ከያዙት አንዱ ነበርኩ። «ጋሼ ይረፉ፣ እኛ እንበቃለን» ሲሉኝ አለቀቅኩም። በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላ ወጣ፤ ሁሉም መዳፍ መዳፍ የሚያህል። የሰፈሩ ሰው በሳፋ፣ በድስት ወሰደው። የተረፈውን አንድ ዶሮ አርቢ ለመኖ ጫነው። ባለሙያዋ «ጥቂቱን ይለኩልኝ» አለችኝ። አልለካም አልኩ። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ከሰዓት አምባዛዎቹ በበርሜል መጡ። ክዳኑ ሲነሣ አንዱ ጢሙን ብቅ አደረገ።

«ይኸው የድሮ ወዳጅዎ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ሰላም ይበሉት እንጂ፣ ቂም ምን ያደርጋል?»

ሲያፈስሷቸው ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ድምፁን ግን ሰማሁት።

ሚያዝያ 12

ቡሹ አይነቃነቅም። ከጠዋት እስከ ቀትር። ድሮ ቢያንስ ይነከስልኝ ነበር።

ሾፌሩ ዘንጉን እየጠቀለለ፦ «ጋሼ፣ ሐይቁን ባዶ አስቀሩት።»

«እጅህን ቀድመህ ያወጣኸው አንተ አይደለህ?»

«እርስዎ ባይሉ ይጣል ነበር?»

እውነቱን ነው። የሚያበግነኝም ይኸው ነው። ስቃወም ጥፋቱ የእኔ፣ ስስማማ ጥፋቱ የእኔ።

ግንቦት 30

የጀልባው ሰውዬ ዳር ዳሩን በሜትር ሲለካ አገኘሁት። ነጭ ሸሚዝ፣ የሚያብለጨልጭ ጫማ። ጭቃው ውስጥ እየዘለለ ነው የሚራመደው።

«አባት፣ ጀልባ ይወዳሉ?»

«ሲሰጥም ማየት እወዳለሁ።»

ሳቀ። የቀለድኩ መስሎታል።

ቤት ገብቼ ለባለሙያዋ ደወልኩ። መቼ ነው የሚያድጉት? አልኳት። «ይታገሡ ጋሼ፤ አሁን እየበሉ ነው።» እየበሉ ነው! እነሱስ ይብሉ። እኔ ስንት ጊዜ የቀረኝ መስሏት ነው?

ነሐሴ 19

ዝናብ። ሐይቁ ደፍርሷል። ጉልበቴ ያመኛል። አንድ ያዝኩ፤ ትንሽ። እጄ ሳላዘው ወደ ውኃው ሄደ። አሁን ደንቡ ትንሹን ውሰድ፣ አምባዛን መልስ ነው። ሰሌዳውን ያደሰው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ እኔ ብሩሹን አልነካሁም። ዓሣውን ይዤ ትንሽ ቆየሁና ባልዲው ውስጥ ጣልኩት። እስክነሣ ድረስ ሲንፈራገጥ ሰማሁት።

ጥቅምት 11

ያዝኩ!

መጀመሪያ መንጠቆው ግንድ ላይ የተሰካ መስሎኝ ተሳድቤ ነበር። ከዚያ ግንዱ ሄደ... ዘንጉ ጎበጠ። በስንት ትግል አወጣሁት። ጀርባው የጠቆረ፣ ወገበ ሰፊ ቆሮሶ። በሁለት እጅ የሚያዝ። ፀጉር አስተካካዩ ከማዶ እየጮኸ መጣና ሲያየው ዝም አለ። እሱን ዝም ያሰኘ የመጀመሪያው ዓሣ ነው።

ጭንቅላቱን ቆርጬ በአውቶቡስ ለባለሙያዋ ወሰድኩላት። ጠጠሯን አውጥታ ፈገፈገችና ወንበሩን ለቀቀችልኝ። ሁለት ቀለበት። የኋለኛው በጣም ሰፊ።

«ሁለት ዓመቱ ነው?»

«ሁለት ዓመቱ።»

«እንግዲያው እኔ ሕጻን ስበላ የዛሬው መጀመሪያዬ ነው» አልኩ።

በሳቅ ፈረሰች። ለቀልድ ብዬ አልነበረም። ስወጣ ግን አመሰገንኳት። በሩን ከዘጋሁት በኋላ ነው፤ ሰምታ እንደሆነ አላውቅም።

ኅዳር 17

ውሉ ታደሰ። አሁን ለአምስት ዓመት። የጀልባው ሰውዬ ወደ ግድቡ ሄዷል አሉ። እዚያ የሄዱት አባሎቻችን ደግሞ ተመልሰዋል፤ አዳዲሶችም ብዙ ገብተዋል።

ጠዋት ብሄድ ቦታዬ ላይ ሰው ተቀምጧል። ድንጋዬ ላይ። አርባ የሚሆነው ሰው፣ አዲስ ዘንግ፣ ባልዲው ውስጥ ሁለት ቆሮሶ። እኔ ከያዝኩት የሚበልጡ። ከጀርባው ቆሜ ሳልኩ። አልዞረም።

«ይኼ ቦታ ባለቤት አለው።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አባት፣ የማኅበሩ አባል ነዎት?»

ምን ልበለው? ስንት ነገር ምላሴ ላይ መጣ። ማዶ ፀጉር አስተካካዩ ሰምቶ ትከሻው በሳቅ ይናጣል።

«ነኝ» አልኩ።

«እኔም ነኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ። ቀድሞ የመጣ ይቀመጣል ብለውኛል።»

ማን እንዳለው ይገባኛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ባልዲውን ጭምር አስነሣው ነበር። ቆምኩ። ጉልበቴ አላስቆም አለኝ።

«እሺ፤ ተጠጋ።»

ተጠጋ። ድንጋዩ ለሁለት ይጠባል፤ ክርናችን እየተነካካ ዋልን። ትል አሰካኩ የማይረባ ነው። ነገርኩት፤ አልሰማኝም። ደግሜ ነገርኩት፤ «እሺ አባት» ብሎ በዚያው ቀጠለ። እስከ ቀትር ሦስት ያዘ። እኔ ምንም።

ነገ ቀድሜው እሄዳለሁ።