ሚ ቶካ

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ገብረሃና፦ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እመቤታችን ትመስገን ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል። በስተርጅና የቆጠርኩት የጣልያን ፊደል ግን ጉድ አሳየኝ።

እዚህ ሮማ ሰው ቤት አድሬ ስሠራ፣ እርስዎ «መንግሥት ያሳድግልሽ» ብለውኝ ልጄን አርሴማን የመንግሥት ማሳደጊያ አስገብቻት አልነበር? አሁን መንግሥት እዚያ ለተበደሉት ካሳ ሊሰጥ ቅጽ ልኮላታል። እሷም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ «አንቺ አንብቢው» ብላኝ ኦስቲያ ወዳለው ቤቷ ተመለሰች።

በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብ «ቶካ» የሚል ቃል አገኘሁ። አሠሪዬ ሲኞራ የሚታጠበውን ሳህን እያሳየችኝ «ቶካ ኣ ቴ» ትለኝ ስለነበር፣ እኔ የማውቀው ተራ ማለት መሆኑን ነው። ጎረቤቴን ማርያን ብጠይቃት፣ «መንካት ማለትም ነው እኮ፤ ‹ሚ ቶካ› ሲባል ‹ይነካኛል› ነው» አለችኝ።

አርሴማ በሰባት ዓመቷ፣ እሁድ እሁድ ልጠይቃት ስሄድ ቀሚሴን ይዛ፣ «ማማ፣ ኃላፊው ሚ ቶካ» ትለኝ ነበር። እኔም «ተራሽ ነው ካለሽማ እሺ በዪው» እያልኩ እጇን አስለቅቄ እመለስ ነበር።

ቅጹን ልትወስድ እሁድ ትመጣለች። ጋሼ፣ ከዚያ በፊት ይደውሉልኝና ምን ብዬ በሩን እንደምከፍትላት ይንገሩኝ።

ለልጆችዎ ሰላምታዬ ይድረስልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እህትዎ አሰለፈች፣ ከሮማ