በሹክሹክታ የሚባረር ጋኔን

ሆሳዕና፣ የካቲት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ወንድሜ ማርቆስ ዛሬ ከምሳ በኋላ አበደ። ፊቱ በርበሬ መስሎ ከአየር ላይ የሌለ ክር ይለቅማል። እማዬን «አንቺ ደሞ ማነሽ?» አላት።

እማዬ ሽማግሌዎቹን አስጠራች። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ ቀበሌ እንዳይሰማ የሚጸልዩት በሹክሹክታ ነው። አንደኛው ሽማግሌ አቶ ላምቤቦ ማርቆስ ጆሮ ሥር ተጠግተው «ውጣ... ውጣ...» ሲሉ ለጋኔኑ ምስጢር የሚነግሩት ይመስሉ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈነዳ ነበር። ዛሬ ግን የሆነውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለማትሪክ ያጠናው እንዳይጠፋው ብሎ ዛሬ የበላውን የአብሾ ፍሬ ትናንት ከአጥር ሥር የለቀምኩለት እኔ ነኝ።

ጎረቤታችን የሆስፒታሉ ድሬሰር ጋሽ ኤርጫፎ መጣ። የማርቆስን ዓይን በባትሪ አየ፤ ብሌኑ ሰፍቶ በብርሃን እንኳ አይጠብም። አፉ ደርቋል፣ ልቡ ይጋልባል።

«ጋኔን አይደለም፤ የበላው ነገር አለ። የምታውቁ ካላችሁ አሁኑኑ ተናገሩ!»

«አብሾ» አልኩ።

እማዬ በጥፊ አጮለችኝ። ጋሽ ኤርጫፎ «ተያት፣ ባትናገር ይሞትብሽ ነበር» ብሎ ከአባዬ ጋር ተሸክመው ሆስፒታል ወሰዱት። አቶ ላምቤቦ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ። ጉድ እኮ ናቸው!

ያልተናገርኩት ግን አለ። ሒሳብ አልገባ ስላለኝ ዛሬ ጠዋት እኔም ቀምሻለሁ። አሁን አፌ ደርቋል። ከፍርሃት ነው ብዬ ውሃ ጠጣሁ፤ አልረጠበም። የምጽፈው ፊደልም ደብዝዞብኛል።

እማዬ ጓዳ የማርቆስን ልብስ እየቋጠረች ነው። ልጥራት። ጥፊው ይሻለኛል።