ነፋስ የቀረበት ምረቃ

እታለም፣

እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ በሰው ምጥ እየተጨነቅሽ የራስሽን ሕመም ነገ ነገ ትይዋለሽ? የባለቤትሽ ሳልስ ለቀቀው? ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፤ ትንሿን፣ ፊቷን ብታዞርም፣ ሁለቴ። እኔ ሥጋዬ ደህና ነው። ከራሴ ጋር ግን ኮረብታችሁ ላይ ያለው የነፋስ ማመንጫ ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ተጣልቻለሁ። ያየሁትን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ስላቃተኝ ነው የምጽፍልሽ።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። መሥሪያ ቤታችን ለነፋስ ኃይል ማመንጫ የሚሰጠውን የድጋፍ ደንብ ሲያረቅ ብዕሩን ከያዙት አንዱ ነበርኩ። ነፋስ ነዳጅ ግዙልኝ አይልም፣ አያጨስም፣ ከጤና ጣቢያሽ በላይ ባለው ኮረብታ ደግሞ ሞልቶ ተርፏል። መንግሥት ተርባይን ለሚተክል ኩባንያ መሬት ቢሰጥ፣ ቀረጥ ቢያነሳለት፣ ከወጪው ቢጋራው ደግ ነው ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ። ብቻ ድጋፉ የሚለቀቀው መብራቱ ከሰው ቤት ሲደርስ ነው የሚል ሐረግ አስገብቼ ነበር። የመምሪያ ኃላፊያችን አወጣው። ሽቦ መዘርጋት የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፣ በሰው ጓዳ አንግባ አለ። በምትኩ ማማው ቆሞ ክንፉ በእንግዶች ፊት ሲዞር ይለቀቅ ተባለ። ብከራከረው ውሻ በበላበት ይጮኻል ብሎ ስብሰባውን አሳቀብኝ።

ኩባንያውም የተጠየቀውን አደረገ። ማማውን ተከለ፣ ክንፉን ሰቀለ፤ ሽቦው እንደተጠቀለለ ኮረብታው ሥር ዝናብ ይመታዋል። እናንተም ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እያላችሁ አንጋጣችሁ ቀራችሁ።

የምረቃው ዕለት ነፋሱ ቀረ። ድንኳኑ ውስጥ እንግዳው ሁሉ በፕሮግራም ወረቀት ያራግባል፣ የምንጣፉ ሽታ ከሽቶ ጋር ተቀላቅሎ ያፍናል፣ ከበላያችን ክንፎቹ እንደ ደረቁ ናቸው። ክንፉ ካልዞረ ድጋፉ አይለቀቅም፤ ደንብ ነው። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከኃላፊያችን ጋር ጆሮ ለጆሮ ተነጋገሩ። ጥቂት ቆይቶ አንደኛው ማማ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ጭብጨባው ቀለጠ። አንድ ሽማግሌ ሌሎቹ ለምን ቆሙ ብለው ቢጠይቁ፣ ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ሳያሽ ተራ በተራ ነው የሚዞሩት አላቸው።

እኔ ግን የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ሽንቴ የመጣ አስመስዬ ከማማው ጀርባ ዞርኩ። ለጥገና ጊዜ ክንፉን ቀስ እያደረገች የምታዞር ትንሽ ሞተር ማማው ውስጥ አለች። ለሷ ኃይል የሚሰጥ የናፍጣ ጄኔሬተር አምጥተው፣ እንዳይታይ በሸራ ከልለው፣ ጥቁር ጭሱን እያስተፉት ያንቀጠቅጡታል። ነፋስን በናፍጣ ሲያዞሩት አየሁ፣ እታለም።

ጄኔሬተሩን አወቅሁት። ክዳኑ አልገጥም ቢልሽ በአሮጌ ሻሽሽ ጠፍረሽ ያሰርሽው ነው። አጠገቡ የቆመውን መካኒክ ከየት አመጣችሁት ብዬ ስጠይቀው፣ ከታች ከጤና ጣቢያው፣ ለእድሳት ብለን ነው የወሰድነው፣ ምን ችግር አለው፣ ያም የመንግሥት ይህም የመንግሥት አለኝ።

ኃላፊያችንን ከእንግዶቹ መሀል ጎትቼ አወጣሁትና አሁኑኑ ይመለስ አልኩት። እሱ ሥጋውን እያኘከ፣ ነገ ፎቶ አንሺዎች ስለሚመጡ እዚሁ ይደር አለ። የማዋለጃ ክፍል መብራት ነው እኮ ስለው፣ በአንድ ሌሊት ማን ይሞታል አለኝ። ከከንፈሩ ላይ ቅባቱን በመዳፉ ሲጠርግ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም። እኔስ ምን አደረግኩ? ከሰው ጋር አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ከሱ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩ።

በማግሥቱ ስደውልልሽ ድምፅሽ ልክ አልነበረም። ሌሊቱን በስልክ መብራት እንዳዋለድሽ ነገርሽኝ። እናቲቱ ደህና ናት አልሽ። ስለ ሕፃኑ ስጠይቅሽ፣ በልተሃል ወይ አልሽኝ። ሕፃኑ እንዳልተረፈ በዚያ ገባኝ። ከዚያ፣ እጄ ዘገየ፣ አርጅቻለሁ መሰለኝ፣ የማዋለጃ ክፍሉን ቁልፍ አስረክቤ ሥራውን ልተው ነው አልሽ። ጄኔሬተሩ እድሳት ላይ መሆኑን ነግረሽኝ እንኳ አንድም ሰው አልወቀስሽም።

ይህን ወረቀት የሚሰጥሽ ሾፌር ጄኔሬተርሽን ያወርድልሻል። ፈቃጅ የለውም፤ ሾፌሩን እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ አትናገሪው፣ ምስኪን ነው። እዚህ ሲጠይቁኝ እኔ ወሰድኩት ብያለሁ። ኃላፊው ሌባ አለኝ፣ ጠረጴዛዬንም ለሌላ ሰጥተውታል። የት እንደነበረ ግን ለበላይ አካል ሁሉ አመልክቻለሁ፤ በምረቃው ዕለት በሸራው ሥር በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶም አያይዣለሁ። ያቺን እናት ስታገኚያት ሳትሸሽጊ ንገሪያት። ልክሰስ ካለች ምስክሯ እኔ ነኝ።

አምላክ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ የቤትሽን ሳቅ አያጉድልብሽ፣ በእጅሽ የሚመጡትን ሁሉ በሰላም ያምጣልሽ። ቁልፉን እንዳታስረክቢ። እጅሽ አልዘገየም፣ እታለም፤ መብራቱን የወሰድንብሽ እኛ ነን።

ታናሽ ወንድምሽ