ለሚያነሳው ሰው እጅ

ኢፍቱዬ፣ የምሠራባት መርከብ አንዲት ትንሽ የጃፓን ወደብ ላይ ስትቆም ወርጄ ከተማዋን በእግሬ ዞርኩ። አንዲት አሮጊት ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ አንድ ነገር በጋዜጣ አሳምረው ጠቅልለው በቀይ ሲጽፉበት ደረስኩ። ስጦታ ሊሰጡኝ መስሎኝ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ሳቁና ገልጠው አሳዩኝ፤ የተሰባበረ ብርጭቆ ነው። ጣታቸውን ይዘው ፊታቸውን ኮሶ አስመሰሉና መንገድ ዳር የቆመውን የቆሻሻ መኪና ጠቆሙኝ። ለካ ቀዩ ጽሑፍ ቆሻሻውን የሚያነሳው ሰው እንዳይቆረጥ ነው። ለማያውቁት ሰው እጅ ይህን ያህል! ቆሼ ቆሻሻ ክምር ላይ ስትለቅሚ ጠርሙስ የሰነጠቀው አውራ ጣትሽ ፊቴ ድቅን አለብኝ።

ካርዱ ሞላ። የእናትሽን የእትዬ አልማዜን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ያንን አውራ ጣትሽንም።

ምሥራቅ